ያልቀመስኩት አጥሚት

የልጄ ክንድ ቢጫው ላይ አረፈ። የጤና ሠራተኛዋ መለኪያውን ጥብጣብ ፈትታ ደግማ ለካቻት፤ ያው ቢጫ፤ ከስታለች ማለት ነው። ወደ ቀዩ ከወረደች ላሊበላ ወርዳ ሆስፒታል ትተኛለች አለችኝ። ልጄ ገና ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ። እንቁላል ስጫት ስትለኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ብልባላ ውስጥ በፍልሰታ እንቁላል የነካው ድስት ቤቷ የምታስገባ አማት ካለች እኔ አላየሁም። የእኔዋማ ድስቱን ከነክዳኑ ገደል ይሰዱታል።

ይኼኔ የጤና ሠራተኛዋ ከጠረጴዛዋ ሥር ፌስታል አወጣች። ከጤፍ ከፍ ያለ፣ ነጣ ያለ ክብ ፍሬ ነው። ኪኖዋ ይባላል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ እዚህ ደጋ ላይ በሙከራ ተዘርቶ በቅሏል አለችኝ። ሥጋና እንቁላል ለማታገኝ ልጅ ሰውነት ይገነባል፣ ለደም የሚሆን ብረትም አለው፣ ደግሞም የጾም ነው። አሠራሩንም ነግራኛለች። እኔ ግን «የጾም» ካለች በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ችኩል ነኝ።

እቤት ገብቼ እንደማንኛውም እህል አበጥሬ፣ ቆልቼ ፈጨሁት። ጤፍ አጥቦ የሚፈጭ ማን አለ? አጥሚቱን አብርጄ ሰጠኋት። ሁለተኛውን ማንኪያ ተፋችውና ፊቷን ጨምድዳ አለቀሰች። አማቴ ማንኪያውን ከእጄ ቀሙኝ። ወንድማቸውን በክፉ ቀን የበላው ጓያ እግሩን ሰብሮት፣ እስኪሞት በከዘራ ሲጎተት ያዩ ሴት ናቸው። የማታውቂውን ፍሬ በልጅ አፍ አትጨምሪም አሉኝ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ የመለስኩላቸውን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ጤና ኬላ ተመለስኩ። የጤና ሠራተኛዋ ራሷን ያዘች። ፍሬው ሽፋኑ መራራ ስለሆነ አረፋው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ መታጠብ ነበረበት።

እቤት ገብቼ የቀረውን ፍሬ ገበቴ ላይ አድርጌ ሳሸው አረፋው ልክ እንደ እንዶድ ግጥም ብሎ ተነሳ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ የጠጣውን ሰው ደግሞ ይገድላል። እኔም ፈራሁ፤ ግን እልሄ ባሰ። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ቆልቼ አደረቅኩት፣ ፈጨሁት፣ አጥሚት ሠራሁ። ኩባያውን ይዤ ወደ ልጄ ስሄድ አማቴ መንገዱን ዘጉት።

«ቀምሰሽዋል?»

አልቀመስኩትም። ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ የፊተኛውንም ሳልቀምስ ነበር የሰጠኋት። ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እኔ ያንን ለገዛ ልጄ አላደረግኩም። ኩባያውን ወደ አፌ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«አንቺስ ጡትሽን የምትጠብቅ ልጅ አለችሽ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር፤ በፍልሰታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ ሲቀምሱ አይቼ አላውቅም። ጠብ አደረግኩላቸው። አማትበው ላሱት፤ ደግመው ዘረጉ፤ ሦስተኛም። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔ ዓይኔ እግራቸው ላይ ነው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለሁለት ቀን ስሟገትለት የነበረውን ነገር እኔ ራሴ በምላሴ አልነካሁትም።

ምን ያህል እንደተቀመጥን እንጃ፤ አጥሚቱ ግን ቀዝቅዞ ነበር። አማቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ፤ ደግመው ሄደው ተመለሱ።

«እግሬ ደህና ነው» አሉኝ። «አጥሚቱን አሙቂና ልጅቱን አምጫት።»