ወደ ተነሳበት የተመለሰው ድሮን

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት... ከጅቡቲ ወደብ ወጣ ብለን፣ በሰው ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ሳምቡሳ እበላ ነበር። ነፃ ቀጠናው ውስጥ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስወጣ የምውል ትራንዚተር ነኝ። ባሕርን የማውቀው በኮንቴይነር በኩል ብቻ ነው።

የጋበዘኝ ሙሴ ዤራር ነው፤ እዚህ ፈረንሳዊን ሁሉ «ሙሴ» ነው የምንለው። ጡረታው የደረሰ፣ በወሩ መጨረሻ ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ ፈረንሳዊ። ጀልባዋን ሊሸጣት ስላሰበ ገዢ ዓይን እንድትገባለት ከላይ በድሮን ሊቀርጻት ፈለገ። ድሮኑን ከጉምሩክ ያወጣሁለት እኔ ስለሆንኩ ግብዣው የምስጋና መሆኑ ነው። የማብረሪያ ፈቃዱን ለማግኘት ያላንኳኳነው በር የለም... ከባዕድ ጦር ሰፈሩ ብዛት ጅቡቲ ላይ ሰማዩም ተከራይ አለው።

ሳምቡሳውን የጠበሰችው ዘይነባ ናት። የድሬ ልጅ፣ የሰፈሬ ልጅ፤ ሙሴ ቤት እየኖረች የምትሠራ። ድሮኑ ከሻንጣው ሲወጣ አየችውና ሳቀች።

«አቦ ይሄ ነው? ጉምሩክ ያን ሁሉ ያመላለሱህ በዚህ ነው?»

«በዚሁ ነው።»

«እኔ እኮ አውሮፕላን ነገር መስሎኝ! ይሄማ የሳምቡሳዬን ትሪ አያክልም።»

ስለ ዘይነባ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ታናሽ ወንድሟ ሙክታር ወደ የመን ሊሻገር ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው እሷ ዘንድ ነበር። የተሰነባበቱት ሙሴ ግቢ በር ላይ ነው። «ካልተሳካልኝ ተመልሼ የምመጣው እዚሁ በር ነው፤ እንዳትጠፊብኝ» ብሏት የየመን ተሻጋሪዎች ጀልባ ወደሚሳፈሩበት ወደ ኦቦክ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። የተሳፈረባት ጀልባ ደረሰች ያለ የለም፣ ሰመጠች ያለም የለም። ዓመታት አለፉ።

እናታቸው ከድሬ የሚደውሉት ለእኔ ነው። «ልጄ፣ አንዱን ባሕሩ ወሰደብኝ። ሌላዋን ደግሞ ዳርቻው ይቀማኝ? አምጣልኝ!» ይሉኛል። ዘይነባ ግን ሙሴ ሲሄድ ቤቱን የሚረከበው ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው ልትቀጠር ነበር ሐሳቧ። በሩን ላለመልቀቅ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሽማግሌ ላክኩባት... በመጨረሻ እሺ አለች። ሻንጣዋን አሰረች፤ የድሬ ቲኬቷን እኔ ቆረጥኩላት። ማክሰኞ በባቡር ልትሳፈር፣ ዓርብ የስንብት ሽርሽሯ መሆኑ ነበር።

ሙሴ ድሮኑን ከጀልባዋ ወለል ላይ አስነሳው። ነፋሱ ሸራውን ሞላው፤ ጀልባዋም መሄድ ጀመረች። ሙሴ ሪሞቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ያብራራል፣ እኔ ለዘይነባ እተረጉማለሁ።

«ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማንም ሳያዘው ወደ ተነሳበት ይመለሳል ይልሻል።»

ዘይነባ ቀና አለች። «በራሱ?»

«በራሱ።»

«መንገዱን ማን ያሳየዋል?»

«ሲነሳ ቦታውን ይይዛል። አይረሳም።»

«ማሻአላህ» አለች። ትሪውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረች።

ሙሴ በጀልባዋ ውበት ተመስጦ ሲቀርጽ፣ ሲቀርጽ... ሪሞቱ መጮህ ጀመረ። ድሮኑ ዞረ። ወደ እኛ ግን አልመጣም። ከኋላችን ርቆ፣ ባዶ ውሃ አናት ላይ ሄዶ ቆመ። ለካስ የተነሳው እዚያ ነው። እሱ አየር ላይ እያለ እኛ በሸራ ርቀን ሄደናል።

«ሜርድ! ሜርድ!» አለ ሙሴ። ይህን አልተረጎምኩም፤ ዘይነባም አልጠየቀችኝም።

ሸራ ፍሬን የለውም። እኛ እስክንዞር ድሮኑ ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ከሥሩ የሚቀበለው እንዳለ አምኖ ወረደ። ውሃው ላይ ትንሽ ተቀመጠ... ከዚያ የለም።

ልስቅ ነበር። የዘይነባን ፊት ሳይ ተውኩት።

«ተመልሶ መጣ እኮ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እንዳለው ተመልሶ መጣ። የሌለነው እኛ ነን።»

ሙሴ ግንባሩን ይዞ ያጉረመርማል። አንድ ማስተካከያ ነበረች አሉ፤ እሷን ቢነካ መመለሻው ከጀልባዋ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ረሳት። ይህንንም ተረጎምኩላት።

«ለሙክታርስ ማን ይነካለታል?» አለችኝ።

ሙሴ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዝናለች» አልኩት።

«ኢንሹራንስ አለው፣ አትዘኝ በላት» አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሙሴ ግቢ በር ጋ ስንደርስ ባዶውን ትሪ ታቅፋ ቆመች።

«ቲኬቱን መልሰው።»

«ዘይነባ... እናትሽስ?»

«እማዬ የድሬውን በር ይዛለች። እኔ ድሬ ብገባ አንዱን በር ሁለት ሆነን ልንጠብቅ ነው። ይሄኛውን ማን ይጠብቃል?»

ስለ ባሕሩ፣ ስላለፉት ዓመታት፣ ስለ እናቷ ዕድሜ የምለው ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ ከዚህ በፊት ሁሉንም ብያታለሁ። ያኔ ግን ድሮኑን አላየችም ነበር።

ማክሰኞ ባቡሩ ያለሷ ሄደ። ሻንጣዋን ፈትታ፣ ልብሷን መልሳ ሰቅላ፣ አዲሱን ተከራይ እየጠበቀች ነው።

እናቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይደውላሉ፣ እስካሁን አላነሳሁም... በአራት ቋንቋ እየተረጎምኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ «ልጅዎ የቀረችው ድሮን ባዶ ውሃ ላይ ሲያርፍ ስላየች ነው» የሚለውን ለእናት የምነግርበት ቋንቋ አጣሁ።