እናቴና የሽመና ክፍል ሴቶች

ይሄ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። እኔ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን አልረሳሁትም። ቤት ለመግዛት የተስማማሁበት ቀን ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። እናቴን ያወቅኳት ያን ቀን ስለሆነ ነው። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ማለት ነው፤ እስቲ ይታያችሁ!

ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ፣ ወንድሜም ሐዋሳ ከገባ በኋላ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ከስምንት ዓመት በፊት በጠና ታማ ተነሳች፤ ጆሮዋ ግን አብሯት አልተነሳም። መጀመሪያ መጀመሪያ ስንጮህላት ትሰማ ነበር፤ በኋላ እሱም ቀረ። ማዳመጫ መሣሪያ ገዛንላት። "ንብ ጆሮዬ ውስጥ ገባብኝ" ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲህ ውሎዋ አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት በርጩማዋን በር ላይ ታወጣና ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ጎረቤት ሲያልፍ እጁን ያነሳላታል፣ እሷም ታነሳለች፣ አለቀ። ድሮ እኛ ቤት ሳይገባ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አሁን ማን ይጮሃል? እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቶኝ ነበር። ከሥራ ስገባ "በላሽ?" ለማለት እጄን ወደ አፌ አደርጋለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔም ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት የሚነሳ ሆነ። ወንድሜና እኔ ያለንን አሰባስበን ቤት ፍለጋ ገባን። ፒያሳ ዙሪያማ የሚታሰብ አይደለም። ሽመልስ የሚባል አፉ የማያርፍ ደላላ፣ "እህቴ፣ ከቃሊቲ ወዲያ አንድ ቤት አለ፤ ስታዪው ታለቅሻለሽ" አለኝ። ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረበት ሰፈር ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሠራተኞቹ ይኖሩባቸው የነበሩት ቤቶች ግን አሉ፣ አንዳንዶቹም እየተሸጡ ነው።

እናቴ ወይ ፍንክች አለች። "እዚያ ማን አለኝ? እዚህ ቢያንስ ሰው ሲያልፍ አያለሁ" አለች። ሥላሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራዪልኝና አንቺ ሂጂ እስከማለት ደረሰች። ጆሮዋ የማይሰማ ሴትዮ ለብቻዋ! እኔ ደግሞ እሷ ካልገባችበት ቤቱን ገዝቼ ምን ላደርገው ነው? በምልክት፣ በጩኸት፣ በወረቀት ለመንኳት። በመጨረሻ "አይተሽ እምቢ በይ" ብዬ ጻፍኩላት። "አይቼ እምቢ እላለሁ" ብላ ነጠላዋን አነሳች።

ሦስት ታክሲ ቀያይረን ደረስን። ረጅም የፋብሪካ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለ የዛገ ጣሪያ፣ ከዚያ ትይዩ በሰልፍ የተደረደሩ አንድ ዓይነት ቤቶች። የምናየው ቤት ሁለት ክፍል ከፊት፣ አንድ ክፍል ከኋላ አለው። ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ አለ። ሻጩ አቶ ታደሰ የሚባል፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። እናቴ ግን አልገባም አለች። የግቢው በር ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጠችን።

ቤቱን ወደድኩት። የኋላው ክፍል ቀለሙ ገና አዲስ ነው፣ ይሸታል። "አቤት ንጽሕና!" አልኩ። ሽመልስ "አላልኩሽም?" እያለ ይከተለኛል። ወደ ፊተኛው ክፍል ስንመለስ ነው በመስኮት ወደ ውጭ ያየሁት።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት በዕድሜ የገፉ ሴቶች በየበራቸው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል። አፋቸውን በሰፊው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድምፅ ግን የለም። አንደኛዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ከፍ ታደርጋለች። ሁለተኛዋ ጣቷን ወደ እኛ ግቢ ቀስራ ራሷን ትወዘውዛለች። መልሳ ደግሞ ደረቷን ትመታለች። መስኮቱ ዝግ መስሎኝ ገፋ አደረግኩት፤ ክፍት ነው። ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል፤ የሴቶቹ ድምፅ ግን የለም።

"ምንድን ናቸው እነዚህ?" አልኩት ሽመልስን።

"ተያቸው፣ አሮጊቶች ናቸው፤ መንጋጋቸውን እያፍታቱ ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። መተት ይሆን? እርግማን ይሆን? ጉልበቷን አሟት ይሆን? አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እያየሁ ሳለ እናቴ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለች። ቀጥ ብላ ገብታ እጄን ያዘችኝ። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ስታወራ ሰፈር ይሰማል።

"የኋላው ክፍል ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይገባዋል! እስከ ጉልበት!" አለች። "ቀለሙን ያስቀቡት ለዚያ ነው!"

ሁላችንም ክው አልን። አቶ ታደሰ ኩም አለ። ሽመልስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እማማ አይሰሙም አላልሽኝም እንዴ?" አለ።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት በእጄ።

"እነዚያ ናቸዋ!" ብላ ወደ ማዶ ጠቆመች። "እንንገራቸው አንንገራቸው እያሉ ሲከራከሩ ነበር። ይሄን ሻጩን ልጅ ያሳደጉት እነሱ ናቸው፤ ገበያውን እንዳያበላሹበት ይሉኝታ ይዟቸዋል።"

ማዶ ያሉት ሴቶች ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ አንደኛዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ፍርስ አለች። እናቴ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ።

ወይዘሮ ዘነበችና ወይዘሮ ራህመት ይባላሉ። ሁለቱም ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል የሠሩ ናቸው።

"ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ" አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች፤ እሳቸውም ሲያወሩ ይጮሃሉ። "ማሽኑ ሲነሳ የራስሽን ድምፅ አትሰሚም። ስለዚህ በአፍና በእጅ ነው የምናወራው። አለቃችን ካቦው ፊታችን ቆሞ እሱኑ ስናማው እንውላለን። ዛሬም ለምዶብን፣ ጆሯችንም ደክሟል፤ በዚያው ቀረን።"

"ባሎቻችን እንኳ አይገባቸውም ነበር!" አሉ ወይዘሮ ራህመት። "ከፋብሪካው ሰው ሌላ የገባው አይተን አናውቅም። እሳቸው የየት ፋብሪካ ናቸው?"

"የየትም አይደለች፤ የፒያሳ ናት" አልኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ እናቴ ዞረው ያለ ድምፅ አንድ ነገር አሏት። እናቴ መለሰችላቸው፤ እሷም ያለ ድምፅ። ከዚያ ሦስቱም ሳቁ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁበትን ቀን ማስታወስ አልቻልኩም። ከግቢ በርጩማ መጣላት። አሥር ደቂቃ ሙሉ አወሩ። እኔ መሀላቸው ቆሜ አንዷን አያለሁ፣ ሌላዋን አያለሁ፣ አንድ ቃል አልገባኝም። እኔ ነቄ ነኝ ባይዋ የአራዳ ልጅ! ቅናት ቢጤ ያዘኝ ብል አላፍርም። ስለ ምን ይሆን የሚስቁት? ስለ እኔ ይሆን?

አቶ ታደሰ ቀስ ብሎ መጣ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ውሃው ከላይ ካለው መንገድ ነው የሚወርደው። ልነግርሽ አስቤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።" ሰውየው እውነቱን ሲናገር አንጀቴን በላኝ፤ ግን ጎርፍ ጎርፍ ነው። እናቴም ብትሆን ገና ከመነሻው አልፈለገችውም። "በቃ፣ እንሂድ" ብዬ እጇን ያዝኩ።

እጇን ነጠቀችኝ። "ግዢው" አለች።

"እንዴ! ጎርፍ ይገባዋል አላልሽም?"

"ጎርፉ የሚመጣው ክረምት ክረምት ነው" አለች ጮክ ብላ። "እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ አሉ።"

ወይዘሮ ራህመት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አቶ ታደሰ ከላይ በኩል ቦይ ሊያስቆፍር፣ የኋላውን ክፍል ደፍ በሲሚንቶ ሊያስነሳ፣ ከዚያ በኋላ ውል ልንፈርም ተስማማን። ቃሉንም አላጠፈም።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወደ እሷ ዞሬ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው ሲያወራ የሚገባሽ?" አልኳት። እጄን አላንቀሳቀስኩም። አልጮህኩም። በአፌ ብቻ ነው።

"አራት ዓመት ይሆነዋል" አለች። "በር ላይ ቁጭ ብዬ መንገደኛውን ሳይ ሳይ መጣልኝ። ሁሉም አይገባኝም፤ ጢም ያለው ያስቸግረኛል።" ከዚያ ስለ ሰፈራችን ሰዎች ታወራልኝ ጀመር። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛዋ ልጅ በድብቅ እንደታጨች። መኪና ስትቆጥር የምትውል ትመስለኝ የነበረችው እናቴ የሰፈሩን ምስጢር ሁሉ ይዛለች! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቄ ቆመ። ለካ እኔም ፊቷ አወራ ነበር። በዚያው ሳምንት ከወንድሜ ጋር በስልክ ያወራሁት ትዝ አለኝ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ዳቦ እየቆረስኩ፣ ፈገግ እያልኩላት፣ "እባክህ እማዬን ለጥቂት ወር ውሰዳት፤ ከግድግዳ ጋር እየኖርኩ ነው" ነበር ያልኩት።

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ምን እንዳሰብኩ ገብቷታል።

"የግድግዳውን ነው?" አለች በዚያ ድምፅዋ። "አዎ፣ አይቻለሁ።"

የታክሲው ሰው ሁሉ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንባዬ መጣ።

"ታዲያ እንደሚገባሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርሽ ፊትሽን አዙረሽ ታወሪ ነበር" አለችኝ። "ያን ጊዜ ምን ይቀረኝ ነበር? ክፉም ቢሆን ወሬሽን እያየሁ አብሬሽ እውል ነበር።"

እጇን ይዤ እስከ ፒያሳ አለቀስኩ። እሷ መዳፌን መታ መታ እያደረገች በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

አሁን እዚያው ሰፈር ነው የምንኖረው። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ትንሽ ገባ፤ ወይዘሮ ዘነበችና ወይዘሮ ራህመት መጥረጊያ ይዘው መጡና አብረን ጠረግነው። እናቴ ከእነሱ ጋር ስትውል ምሳ እንኳ የምትበላው ተጠርታ ነው። እኔም ተማሪ ሆኜ "ነይ"ን እና "ሂጂ"ን ለይቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ገና ነኝ።

ያ በስልክ ያልኩት ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከዛሬ ያመኛል። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እሷም ረስታዋለች፤ እኔ ነኝ ያልረሳሁት። አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ሳወራ ፊቴን አላዞርባትም። ባለፈው እሁድ ከወንድሜ ጋር በስልክ እየተጨቃጨቅኩ ሳለ ገባች። ልዞር ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ጭቅጭቁን እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ስልኩን ስዘጋ፣ "እሱ ነው ልክ" አለችኝ።