ኦርቪል ስታኔክ የመረጠው መከላከል

ኦርቪል ስታኔክ እርሻውን ባንክ ከወሰደበት ወዲህ ኑሮው ትምህርት ቤቱ ነበር። ቀን የእንጨት ሥራ ያስተምራል፤ ጠዋትና ማታ የተማሪዎቹን አውቶቡስ ይነዳል፤ መከር ሲገባ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦሉን ቡድን መከላከል ያሠለጥናል። በዚያ በነብራስካ የበቆሎ አገር ሰው ቃሉን የሚሰማው በዚህ በመጨረሻው ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የሚያሠለጥነው ልጅ አልተረፈም ማለት ይቻላል። ገበሬው እርሻውን እየሸጠ ሲሰደድ ልጆቹም አብረው ሄዱ። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በስምንት በስምንት ሰው በሚጫወቱት ጨዋታ እንኳ ተቀያሪ አጡ። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤቱ በጸደይ ተዘግቶ ልጆቹ ወደ ጎረቤት ከተማ እንደሚዛወሩ ተነገረ። የመጨረሻው ግጥሚያም ከዚያው ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት ዋናው አሰልጣኝ ዱዌይን ፕሮብስት የባላጋራዎቹን ፊልም አሳየው።

«ሰው በሰው እንያዛቸው» አለ ዱዌይን። «እያንዳንዱ የራሱን ሰው ይጠብቅ።»

«ቶድስ?» አለ ኦርቪል።

ዱዌይን ፊልሙን አቆመው። ቶድ ቬሴሊ ግዙፍ፣ ትሑትና እግሩ የሚጎተት ልጅ ነው። ሰው በሰው ከተባለ፣ እንደ ጥንቸል ከሚፈተለከው የባላጋራ ልጅ ጋር ብቻውን ሊጋፈጥ ነው፤ አገር በሙሉ እያየ።

«ቦታ ቦታቸውን ይጠብቁ» አለ ኦርቪል። «ያኔ ነጥብ ሲቆጠርብን ጥፋቱ የማንም አይሆንም።»

«በመሃል እየሰነጠቁ ይፈጁናል እኮ!»

«በሰው በሰውም ይፈጁናል።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለና ዱዌይን ፊልሙን አጠፋ። «መከላከሉ ያንተ ነው። እንዳሻህ አድርገው።»

ዓርብ ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ባላጋራዎቹ በክፍተቱ ሁሉ እንደ ውሃ ገቡ። የመኖ ነጋዴው ሩዲ ኮላር፣ ልጁ ከኦርቪል ቡድን ፈጣኑ ነበርና፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ይጮኻል።

«ኦርቪል! ልጆቹን አጥር አደረግሃቸው እንዴ? አጥር እንኳ ላም ያቆማል!»

ሰው ሳቀ። ኦርቪል ዞር ብሎም አላየ። የነጥቡ ልዩነት ከልክ ስላለፈ፣ በእረፍት ሰዓት ዳኞቹ በደንቡ መሠረት ጨዋታው አብቅቷል አሉ። የትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ጨዋታ በእኩሌታው ቀረ።

ሁሉም ሲበተን ኦርቪል የራስ ቁሮቹን ይሰበስብ ጀመር። ቶድ የትከሻ መከላከያውን ሳያወልቅ መጣ።

«ኮች፣ በኔ ምክንያት ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«ቦታ ጠብቁ ያሉን።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሁሉም ግን ያውቃሉ። ስልቱን ከነገሩን ከሐሙስ ጀምሮ አንዱም አላናገረኝም።»

ኦርቪል አቀርቅሮ «እንዳታፍር ብዬ ነው ልጄ» አለ።

«ይዤው ቢያመልጠኝ፣ አመለጠኝ እል ነበር። አሁን ምን ልበል? አልሞከርኩም እኮ።» ልጁ የመከላከያውን ማሰሪያ ፈታ። «መሸነፉንማ ለምደነዋል።»

ኦርቪል በእጁ የያዘውን የራስ ቁር ከሌሎቹ ጋር ደረደረ። ቶድ መከላከያውን አውልቆ ከክምሩ ላይ በቀስታ አስቀመጠና እየተጎተተ ወጣ።

በጸደይ በሩ ተቆለፈ። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱ አሰልጣኞች ነበሩትና ኦርቪልን የፈለገው አልተገኘም፤ እህል ማከማቻው ሚዛን ላይ ተቀጠረ። ቶድም በአዲሱ ቡድን አልተመዘገበም። ሩዲ ኮላር መኖ ሊያስመዝን በመጣ ቁጥር «ሰው በሰው ብታደርገው ኖሮ እኮ…» ይለዋል።

«ውጤቱ ያው ይሆን ነበር» ይላል ኦርቪል፤ እውነትም ያው ይሆን ነበር።

በመከር ቶድ የአባቱን በቆሎ ጭኖ ወደ ሚዛኑ መጣ። ጢም አብቅሏል።

«እንደምን ዋሉ ኮች?»

«ደህና። በቆሎው ረጥቧል መሰለኝ።»

«ዝናቡ ነዋ።»

ኦርቪል ስለዚያ ዓርብ አንድ ነገር ሊጨምር ፈለገ። ከኋላ የቆመው መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ቶድም እጁን አንሥቶ መኪናውን አስነሣ።