ለኮሪን ክብ የሆነችው ነጥብ

አርዲት ኬሲንገር መነጽር አድርጋ አታውቅም ነበር። ይህ ለሌላው ሰው ተራ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን የዕድሜ ልክ ኩራት ነበር። በልጅነቷ አባቷ ሽኮኮ ለማደን ወደ ጫካው ሲወርድ የሚያስከትለው እሷን ነበር። ታናሽ እህቷን ኮሪንን፣ መነጽሯ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነበርና፣ ከእናቷ ጋር ፖም እንድትልጥ ትቷት ይሄዳል። «ያቺ ሽኮኮውን ከቅርንጫፉ አትለይም» ይል ነበር ሽማግሌው፣ ነፍሱን ይማር።

ኮሪን ግን ሌላው ሁሉ ተሰጥቷት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ሰው ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ፀጉሯ እስከ እርጅናዋ አልሳሳም፤ ባሏም እስኪሞት ድረስ የመኪናዋን በር የሚከፍትላት ዓይነት ሰው ነበር። የአርዲት ባል ደግሞ ገና በጠዋቱ ወደ ቴክሳስ ሄዶ በዚያው ቀረ። «ለእሷ ድምፁም፣ ፀጉሩም፣ ባሉም፤ ለእኔ ዓይን» ትል ነበር አርዲት፣ የተማሪዎች አውቶብሷን እያጠበች። አነጋገሯ የቀልድ ይመስል ነበር፤ የሚያውቋት ግን አይስቁም።

ያንን ዓይን የምታሳየው ቅዳሜ ቅዳሜ በተኩስ ክበባችን ነበር። በእኛ በደቡብ ኦሃዮ ኮረብታ ጨዋታው ቀላል ነው፤ ኳስ እያንከባለሉ እንጨት ይጥሉበት ከነበረው፣ ከተዘጋው የቦውሊንግ ቤት የተረፉትን ነጫጭ፣ ጠርሙስ መሰል እንጨቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በሽጉጥ መጣል። ወንዶቹ እየተኮሱ ሲሳደቡ አርዲት እንጨቶቹን አንድ በአንድ ጥላ ጠረጴዛውን ታጸዳው ነበር። የሽጉጧ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ከኋለኛው ብረት ክፍተት ጋር ታስተካክላለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ እንጨቱ ይወድቃል።

ኮሪን ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ከእህቷ ጋር መጣች። ለመቀመጥና ንፋስ ለመቀበል ነበር የመጣችው። መሣሪያ ጠጋኙ ጌለን፣ ሚስቱ የሞተችበት ጨዋ ሰው፣ ኮሪን ብቻዋን ስትቀመጥ አሳዘነችውና ሽጉጥ አዋሳት። በሽጉጡ ጀርባ ላይ ትንሽ መስታወት ተተክላለች፤ በመስታወቷ ውስጥ ቀይ ነጥብ ትበራለች። ብረት ከብረት ማስተካከል የለም፤ ነጥቧን እንጨቱ ላይ አሳርፎ መሳብ ብቻ ነው። ኮሪን አሳረፈች፣ ሳበች። በሁለተኛው በጋ እህቷን መብለጥ ጀመረች።

ሰው ሲያጨበጭብላት አርዲት የጆሮ መከላከያዋን አታወልቅም ነበር።

«ባትሪ ነው የሚተኩስላት» አለች አንድ ቀን፣ ሁላችንም እየሰማን።

«አንቺም ባትሪ ግዢ፣ እቴ» አለች ኮሪን። «ሱቅ ሞልቷል።»

«የኔ ዓይን ባትሪ አይፈልግም።»

«ታዲያ ያ ብርቱካንማ ነገር ምንድን ነው?»

አርዲት የሽጉጧን የፊት ብረት በብርቱካንማ የጥፍር ቀለም ቀብታው ነበር። እዚህ አገር ዓይኑ መድከም የጀመረ ተኳሽ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ኮሪን አነሳችው። አርዲት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

እውነቱ ይህ ነበር፤ ያ ትንሽ ብረት ከደበዘዘባት ቆይቷል። ብትነግረን ኖሮ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ለእኛ መንገር ግን ለኮሪንም መንገር ይሆንባታል።

ነገሩ የከረረው በመስከረም መጨረሻ ነው። ቅጠሉ ሲቀላ ክበባችን የጥንዶች ውድድር ያደርጋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንድ ጠረጴዛ ያጸዳል። ደንቡ ደግሞ ጥንዶቹ አንድ ዓይነት ማነጣጠሪያ ይኑራቸው ይላል፤ ሁለቱም ብረት፣ ወይም ሁለቱም ነጥብ። አርዲት ከእህቷ ጋር እንደምትቆም ለአገሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ጌለን ደግሞ ኮሪንን ጠየቃት።

«አርዲት ነጥብ ካስገባች ከእሷ ጋር ነኝ» አለችው ኮሪን። «ካላስገባች ካንተ ጋር።»

ይህን ስትናገር አርዲት አጠገባቸው ጥይቷን እየሞላች ነበር። አንዷ ጥይት ከእጇ አምልጣ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች፤ ጎንበስ ብላ አላነሳቻትም። ኮሪንና ጌለን በአንድ ሽጉጥ ላይ ግንባራቸውን አጋጥመው ስለ ብሎን ሲያወሩ አየቻቸው። ሰውየውን ፈልጋው አይደለም፤ ጌለን እሷን ብቻዋን ቢያወራትም ትሰለቸው ነበር። የተኩሱ መስክ ግን የእሷ ነበር። አባቷ ለእሷ ብቻ የሰጣት አንድ ነገር እሱ ነበር፤ አሁን ፖም ላጯ መጥታ ወሰደችው።

«እስቲ አምጣው» አለችው አርዲት በመጨረሻ።

ጌለን አንድ ነጥብ ያለበት ሽጉጥ አወጣ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ሰጣት። አርዲት አነሳችው። ነጥብ የለም። እጇን አወዛወዘች፤ የለም። ዕድሜያቸውን በብረት ያነጣጠሩ ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ የለመዱትን ብረት ፍለጋ አፈሙዙን ቀና ያደርጉታል፣ ነጥቧም ከመስታወቱ ትጠፋለች።

«እንጨቱን እይው እንጂ መስታወቱን አትፈልጊ» አለች ኮሪን፣ በአስተማሪ ድምፅ። ያ ድምፅ ከስድብ የባሰ ነበር።

አርዲት አፈሙዙን ዝቅ አደረገች። መጣችላት። ግን ምን ነጥብ ነው! እንደ ተረገጠ እንጆሪ የተዘረጠጠ፣ ጭራ ያለው፣ ወደ ጎን የፈሰሰ ነገር።

«ይሄ ተበላሽቷል።»

«ምኑ?»

«ነጥቡ ነዋ! የፈሰሰ ነው።»

ኮሪን ተቀብላ አየች። «ክብ ናት። እንደ ምስር ክብ።»

«የራስሽን ስጪኝ።»

ኮሪን የራሷን ባዶ አድርጋ ሰጠቻት። አርዲት አነሳች፤ ያው የተረገጠ እንጆሪ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ቅናት ግን ሰውን አያሳስብም። ሁለቱም ከጌለን እጅ የወጡ ናቸው አለች በልቧ፤ ቀጥሎም በአፏ አለችው።

«ከእሷ ጋር ለመቆም ስትል የማይረባውን አቀበልከኝ! የሷንም አሁን ነካክተኸዋል። ደግ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

ጌለን ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ስልኩን አወጣ፣ ከመስታወቷ ኋላ ደግኖ ፎቶ አነሳ፣ ለአርዲት አሳያት። በፎቶው ላይ ነጥቧ ክብ ነበረች። ስልክ ለማንም አያዳላም።

«ነጥቧ ደህና ናት፣ አርዲት» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይንሽ ነው።»

ኮሪን ሳቀች። ልትስቅ ያሰበች አይመስለኝም፤ አመለጣት። «ስድሳ ዓመት!» አለች መነጽሯን እየነካካች። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ዕውር ስትይኝ!»

አርዲት ሽጉጧን ከተተችና ሄደች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄዷን የሰማነው ከኮሪን ነው፤ ለካስ ራሷ ነድታ ወስዳታለች፣ መንገዱን ሙሉ ሳይነጋገሩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የአርዲት ዓይን ፊቱ እንደ ኳስ ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል ሞላላ መሆኑን አስረዳቻት።

«መነጽር ይፈልጋሉ እማማ» አለቻት። «ታናሽ እህትዎ ክብ አድርገው የሚያዩት መነጽራቸው ስለሚያርምላቸው ነው። ግን አንድ ነገር ይምረጡልኝ። ለተኩስ የሚሆንዎት መስታወት የሽጉጥዎን የፊት ብረት ጥርት አድርጎ ያሳይዎት? እንደዚያ ከሆነ ሩቁ ይደበዝዝብዎታል። ወይስ ሩቁ ጥርት ይበል? ያን ጊዜ ብረቱን ይርሱት፣ ነጥብ ያስገባሉ። በዚህ ዕድሜ ሁለቱን በአንድ መስታወት አልሰጥዎትም።»

አርዲት ነገሩን በልቧ መዘነችው። የፊቱን ብረት ብትመርጥ ሽጉጧ አይነካም፣ የድሮዋ አርዲት እንደሆነች ትቀራለች፤ ኮሪን ግን ከጌለን ጋር ትቆማለች። ነጥቡን ብትመርጥ ጌለን የሽጉጧን የላይኛውን ብረት በማሽን ቦርቡሮ መስታወቷን ይተክላል፤ የተቦረቦረ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ኮሪን ትክክል ነበረች ማለትም ይሆናል።

«ሩቁን» አለች።

«ጥሩ ነው። ምክንያት አለዎት?»

«አዎ። እህቴ ስትስት ጥርት ብሎ እንዲታየኝ እፈልጋለሁ።»

ኮሪን ወንበሩ ላይ ሆና ሰማች። «ሰማሽ?» አለቻት ለሐኪሟ። «ይሄ ነው የኔ ዘመድ!» ሲመለሱ ግን ተነጋግረዋል፤ መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ።

ጌለን ብረቱን ቦረቦረላት። ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ራሷ ያፈላችውን አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ሽሮፕ የሱቁ በር ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ሌሊት ሌሊት በባዶ ሽጉጥ ግድግዳ ላይ ስታነጣጥር እንደከረመች ጎረቤቷ አውርቷል።

የውድድሩ ቀን ሁለቱ እህቶች ሁለት መነጽር አድርገው ጎን ለጎን ቆሙ። ኮሪን እንደ ልማዷ ፈጣን ነበረች። የመጨረሻውን እንጨቷን መታችው፤ እንጨቱ ግን ከጠረጴዛው አልወደቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ጫፉን ብቻ ወደ እኛ አዞረ። እንዲህ የተጋደመ እንጨት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚታየው የቡጢ ያህል ነው። ኮሪን ተኮሰች፣ ሳተች። ደግማ ተኮሰች፣ ሳተች።

አርዲት አየቻት። ስትመኘው የከረመችውን ነገር ጥርት አድርጋ አየችው፤ የኮሪንን የተነከሰ ከንፈር። ከዚያ የራሷን እንጨቶች የጨረሰችው አርዲት አፈሙዟን ወደ እህቷ በኩል አዘነበለች፣ አንድ ጊዜ ሳበች። እንጨቱ ተሽከርክሮ ከጠረጴዛው ወደቀ።

«ያ የኔ ነበር!» ጮኸች ኮሪን።

«አየሁት» አለች አርዲት።

አላሸነፉም። አንድ አባትና ልጅ ቀደሟቸው። ግን ለባቄላ ሾርባውና ለበቆሎ ዳቦው ስንሰለፍ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ተጋድሞ ስለወደቀ እንጨት ነበር፤ ስለ አርዲት። ኮሪን ሳህኗን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ታዳምጣለች። ፊቷን አየሁት። አገሩ ሁሉ አርዲት ላይ ለዓመታት ያየው ፊት ነው።

«በሚቀጥለው ዓመት ከጌለን ጋር ነው የምቆመው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አርዲት ዳቦዋን ቆረሰች። «ጠይቂው እንግዲህ» አለች። «እኔንም ጠይቆኛል።»