አማቴን በስማቸው የጠራሁ ዕለት

በአውሮፓ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤል አገር ፔታህ ቲክቫ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ጥርስ በቀዶ ሕክምና በሚወጣበት አንድ ትንሽ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራ ነበር። ሐኪማችን ወጣትና ችኩል ነው፤ የሚፈራው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። በደም ሥር በሚሰጠው መድኃኒት ያንቀላፋ በሽተኛ ትንፋሹ ቢቆም፣ እኛ ደንግጠን ቆመን እንዳንቀር።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ ለሰንበት ዝግጅት ወደየቤታችን ልንሮጥ ስንል፣ ራሱ ወንበሩ ላይ ይጋደምና "ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ መተንፈስ አቁሜያለሁ" ይለናል። ነርሷ ኦክስጅኑን ታቀርባለች። የእኔ ሥራ ደረቱን ማየት፣ ትከሻውን መነቅነቅና ጆሮው ሥር በስሙ እየጠሩ "ተንፍስ!" ብሎ መጮህ ነው።

ጎንደር ያደገ ሰው ሐኪም ላይ ይጮኻል? ትከሻውን በሁለት ጣት ነካ አድርጌ፣ "ይቅርታ ዶክተር፣ ትንሽ ቢተነፍሱ" አልኩት። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እኔ በድምፄ ጨመርኩለት። አንድ ዓይኑን ገለጠና "በዚህ ልመናሽ ከሆነ ተቀብሬያለሁ" አለኝ።

እያደር ግን ለመድኩት። አንድ ዓርብ እንዲያውም ከፎቁ ሥር ያለው የሽምብራ ጥብስ፣ የፋላፌል ሻጭ ጩኸቴን ሰምቶ፣ ሰው የተገደለ መስሎት እየሮጠ ወጣ። ሐኪሙ ደስታውን አልቻለውም።

ታዲያ የባሌ አባት ጥርሳቸው ተሰብሮ ሥሩ ድዳቸው ውስጥ ቀረ፤ ጉንጫቸውም አበጠ። "የልጄ ሚስት ካለችበት ሌላ አልሄድም" ብለው፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰው መጡ። በእኛ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እኔም "ጌታዬ" እላቸዋለሁ፤ ስማቸው የሌላ ሰው ስም ሆኖ በሬዲዮ ቢጠራ እንኳ አንገቴን እደፋለሁ።

ከኢትዮጵያ መጥተን እስራኤል ስንገባ የሚመዘግቡን ጸሐፊዎች አዲስ ስም ሰጥተውን ነበር። ለአማቴም አንድ ያማረ የዕብራይስጥ ስም ደርሷቸዋል። እሳቸው ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ዞር ብለው የተጠራውን ሰው ይፈልጋሉ።

መድኃኒቱ እንደገባ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሥሩ ወጣ። ሐኪሙ "በሰደር"፣ ደህና ነው፣ ብሎ ቀና ሲል እኔ ደረታቸውን እያየሁ ነበር። አልተነሣም። ጠበቅኩ፤ አሁንም አልተነሣም።

"አይተነፍሱም!" አልኩ።

ሐኪሙ መንጋጋቸውን ወደ ላይ ሳበ፤ ነርሷ ኦክስጅኑን አፍና አፍንጫቸው ላይ ገጠመች። እሱም መዝገቡ ላይ ያለውን የዕብራይስጥ ስም ደጋግሞ ጮኸ። ማን ይስማው? ነቅተው ያልሰሙትን ተኝተው ሊሰሙት ነው? ፈራሁ። ለባሌ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

"ጌታዬ" አልኩ። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ነው የጠራኋቸው።

"እንደ ዓርቡ!" አለኝ ሐኪሙ። "እንደ ዓርቡ ጩሂ!"

ትከሻቸውን በሁለት እጄ ያዝኩና የጎንደሩን ስማቸውን፣ ያለ "ጌታዬ"፣ ያለ "አባባ"፣ እንዲያው ባዶውን ጆሯቸው ውስጥ ጮኽኩት። "ተነስ! ተንፍስ!" አልኳቸው። አንተ አልኳቸው!

ደረታቸው ከፍ አለ። ረጅም ትንፋሽ ሳቡና ዓይናቸውን ገለጡ። ያ ሁልጊዜ የሚያስተምረን ሐኪም መሬቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታውም እፍረቱም ባንድ ላይ መጣብኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም። አፋቸው ጥጥ ሞልቶ እንዴት ይናገሩ? እኔ ግን ተቆጥተውኛል ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ በኋላም ከፊታቸው ስሸሽ ሰነበትኩ።

ዓርብ ማታ ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ አልቻልኩም፤ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "ጌታዬ፣ ስምዎን በመጥራቴ ይቅር ይበሉኝ።" ባሌ ሳቁን ለመያዝ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

አማቴ ያበጠውን ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ።

"እኔማ እናቴ መስላኝ ነው የተመለስኩ" አሉ። "እሷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ አድርጎ የጠራኝ የለም። አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ ተኝቼ እቀር ነበር።"