የወንዙ ራስ ንጋሊዎች

ሎቲያናን የዋህ ናት የሚል ካለ አያውቃትም። በእኛ ባሕር ዳር፣ በማሮቮ፣ እንደሷ ምላሷ የሚፈራ ሴት የለችም። ዶዘር ፊት ቁጭ ያለች ዕለትም ያደረገችው ነገር ቢኖር ንጋሊ የምንለውን የዛፍ ለውዝ መፈልፈል ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቻችን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ኩባንያው ደኑን እንዲቆርጥ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት መንደር ወንዝ በዘነበ ቁጥር ቀይ ጭቃ ይዞ እየወረደ ዓሣ የሚኖርበትን የባሕሩን ኮራል አፍኖ ጨረሰው። የቀረን የሎቲያና ወንዝ ነበር። ልጆቿን ያሳደገችው ከወንዙ አፍ የሚበላ ዛጎል እየለቀመች ነው። የወንዙን ራስ ይዘው የቆሙት ደግሞ የአያቷ የንጋሊ ዛፎች ናቸው። እነሱ ከወደቁ ዛጎሉም ውሃውም አለቀለት።

ባሏ ጂኖ፣ "ተይ፣ ነገሩ አልቋል። አሁን ሄደሽ ምን ልታደርጊ ነው?" አላት።

"ለውዜን ልፈለፍል ነዋ። እሱም ፈቃድ ይጠይቃል?"

ከዛፎቹ ሥር አያቷ ስትቀጠቅጥበት ኖራ ያጎደጎደችው ድንጋይ አለ። እዚያ ቁጭ ብላ መቀጥቀጥ ጀመረች። ዶዘሩ ጭቃውን እያቦካ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የሚነዳው ቶአታ የሚባል፣ ለሥራ ከማላይታ ደሴት የመጣ ሰው ነበር።

"እናቴ፣ ተነሺልኝ። አለቃዬ ይጮህብኛል።"

"ይጩሃ። ቁርስ በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

"ፊትህ ያስታውቃል። ና ውረድ።"

ወረደ። እፍኝ ሙሉ ሰጠችው፤ በላ፣ ደገመችለት። እያላመጠ ቀና ብሎ ዛፉን አየና ማላመጡን ተወ።

"ምነው እናቴ፣ አብልተሽኝ? በእኛ ቤት ሰው ከበላበት ዛፍ ላይ ብረት አያነሳም።"

"እኔ ምን አልኩህ? ብላ ነው ያልኩህ።"

ዶዘሩን አዙሮ ሄደ። በማግስቱ ከሥራ አባረሩት። እኛ ያላደረግነውን ባዕድ ሰው አደረገው ብለው ሽማግሌዎቹ አፈሩ፤ ተሰብስበውም የወንዙን ራስ ከኩባንያው ውል አስወጡት።

ከዚያ ወዲህ ንጋሊ በደረሰ ቁጥር ሎቲያና የመጀመሪያውን ፍሬ ፈልፍላ በቅርጫት በመርከብ ወደ ማላይታ ትልክለታለች። "እሱ ባይኖር ዛሬ ጭቃ ነበር የምንጠጣው" ትላለች፤ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይለሰልሳል። ቅርጫቱም ሁልጊዜ ጎደሬ ሞልቶ ይመለስላት ነበር።

ዘንድሮ ግን ቅርጫቱን ይዞ የመጣው ራሱ ቶአታ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ከምንም በፊት ወንዙ ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ እየጨለፈ ጠጣ፤ ብዙ ጠጣ።

"የእኛንም ደን ቆረጡት" አላት። "ወንዛችን ደፍርሶ ቀረ። እናቴ፣ ዘንድሮ የመጣሁት ለመብል አይደለም። የምተክለው ስጪኝ።"

ሎቲያና የበሰለውን ከነቅርፊቱ እየመረጠች ቅርጫቱን እስከ አፉ ሞላችው።

"መንገድ ላይ እንዳትበላው" አለችው፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።