ማኘኩን አሰሙኝ

መጋቢት አሥራ ሁለት ነበር፤ ማክሰኞ። ወይም አሥራ ሦስት፤ ረቡዕ። ገጹ ላይ የተጻፈው ቀን ማክሰኞ ይል ነበር፤ ግን የድረ ገጻችን ሰዓት አንዳንዴ በአንድ ቀን ይሳሳት ስለነበር እሱን አላምነውም፣ የራሴንም ትዝታ አላምነውም። ለሌላ ሰው የአንድ ቀን ልዩነት ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ለውጥ አለው። ማክሰኞ ዕለት የመንገድ ቆፋሪዎች ከሕንፃችን ፊት ለፊት የስልክ ገመድ በጥሰው ቀኑን ሙሉ መስመር አልነበረንም። ረቡዕ ጠዋት ተቀጠለ። እትዬ መዝገብ ስለ ውሻዬ «አሁን ደህና ነው» ብለው የጻፉት ከሁለቱ ቀናት በአንዱ ነው።

እትዬ መዝገብ ስማቸው አይደለም፤ የወጣላቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው ክሊኒኩ ፋይሉን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አዛወረና እሳቸውን ከነካርዶቻቸው አሰናበተ። እኛ ዘንድ የመጡት ያኔ ነው።

እኛ ስለ እንስሳት ብቻ የምንጽፍ ድረ ገጽ ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ጣሪያ ላይ የቀረች ድመት በጎረቤት አንሶላ ስትወርድ የቀረጸውን ቪዲዮ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ቢያይለት፣ የባንክ ሥራውን ለቀቀና ይህንን ጀመረ። የተጣሉ ውሾችን፣ የቆሰሉ የጋሪ ፈረሶችን፣ ጉድጓድ የገቡ ጥጃዎችን ታሪክ እንጽፋለን፤ ሰው ያነባል፤ አንዳንዱ መጥቶ ወስዶ ያሳድጋል። እኔ አርታኢ ነበርኩ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ክፍል የነበረ ነው። ወንበሩ ሲነሳ የታሰረባቸው አራት ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ ቀርተዋል። እትዬ መዝገብ ጠረጴዛቸውን ያስጠጉት ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነበር።

«ጥሩ ቦታ ነው» አሉ በመጀመሪያው ቀን። «እዚህ ተቀምጦ አላመመኝም ብሎ የሚዋሽ አልነበረም።»

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፦ ማንኛውም ታሪክ «አሁን ደህና ነው» በሚል መስመር ያልቃል። አንባቢ የሚመጣው ለዚያች መስመር ነው፤ አንዳንዱማ ከታች ጀምሮ ነው የሚያነበው። ያችን መስመር የሚጽፉት እትዬ መዝገብ ብቻ ነበሩ። ታሪኩ ከመውጣቱ በፊት የጠረጴዛ ስልካቸውን ያነሳሉ፤ ሞባይል አይወዱም፣ «ድምፅ ያኝካል፣ የእንስሳውን ማኘክ አይለይልኝም» ይላሉ። እንስሳውን የወሰደውን ሰው ያገኙታል፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ፦

«እስቲ ስልኩን ወደሱ አስጠጉልኝ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ውሻው ነዋ። ቁራሽ ነገር ይስጡትና ማኘኩን አሰሙኝ።»

ያልሰሙትን አይጽፉም። ትልልቅ ባለ መስመር ደብተሮች ነበሯቸው፤ በየገጹ ቀን፣ የእንስሳው ስም፣ ስልኩን ያነሳው ሰው፣ መጨረሻ ላይ «የተሰማ» የሚል ዓምድ። «ሲያኝክ።» «ሲያንኮራፋ።» «በሌላ ውሻ ላይ ሲቆጣ።» አንድ በቀቀን ጎን «ሰደበኝ» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ጆሮ ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። እናታቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ያደጉት ከማዞሪያው ጠረጴዛ ሥር ነው። ጥንቃቄው ግን የመጣው ከክሊኒኩ ነው። በወጣትነታቸው አንድ ገበሬ ስለታመመች ላሙ ሲጠየቅ «ደህና ናት» አለ፤ እሳቸውም ካርዱ ላይ «ድናለች» ብለው ጻፉ። ሐኪሙ ያንን አምኖ ለሌሎች ሦስት ላሞች ያንኑ መድኃኒት ሰጠ። የገበሬው ላም ግን ከሞተች ሳምንቷ ነበር፤ ሦስቱም ተከተሏት።

«ክፋት አይደለም» አሉኝ። «ሰው በእጁ የሞተበትን እንስሳ መናገር ያፍራል። እኔ ነኝ ሳልሰማ የጻፍኩት።»

ካሜራማናችን በዚህ ነገር ሲቀልድባቸው ይውል ነበር።

«እትዬ፣ ባልዎንም እንደዚህ ነው የሚያረጋግጧቸው?»

«ባሌ ሲያኝክ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። እሱ ማረጋገጫ አያስፈልገውም።»

ባልየው ሶፋ ሠሪ ናቸው። ሁልጊዜ በስድስት ሰዓት ይደውላሉ፤ እትዬ ስልኩን አንስተው ገና «አቤት» ከማለታቸው «ደህና ነኝ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቁና ይዘጉታል። ንግግሩ ይኸው ነበር፤ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደተባባሉ አላውቅም።

ወደ ውሻዬ ልመለስ። ውሻው የእናቴ ነበር። በገዛ ጥላው ላይ ስለሚጮኽ ታናሽ እህቴ ጠርጥር ብላ ስም አወጣችለት። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ገባሁ፤ ጠርጥርን ከከተማው ዳር ላለ የዱቄት ወፍጮ ዘበኛ ሰጠሁት። ለመጠየቅ አልሄድኩም። ልደውል ብዬ ስንት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። በዚያ ሳምንት ታሪክ ስላነሰን የራሴን ጻፍኩ፤ «የእናቱን ውሻ የሰጠ ሰው» ብዬ፣ ስም ሳልጠቅስ። እትዬ መዝገብ ወረቀቱን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ሰውየው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ምሳ ሰዓት ወጡ፣ ከወትሮው ዘግይተው ተመለሱ፣ ጫማቸው ነጭ አቧራ ለብሷል። በዚያ ሳምንት መንገዱ ስለተቆፈረ የሁላችንም ጫማ እንደዚያው ነበር። ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና ወረቀቱን መለሱልኝ። ከታች «ጠርጥር አሁን ደህና ነው» ይላል። ደስ አለኝ፤ ምን እንደሰሙ አልጠየቅሁም። የዚያን ምሽት ከስንት ጊዜ በኋላ የእናቴን ፎቶ ከካርቶን አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።

ጥያቄው የመጣብኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዳማ ጊዜ ነው።

ያኔ ድረ ገጹ ታሞ ነበር። አንባቢ በየወሩ እያነሰ፣ አሥራ አንድ የነበርነው አራት ቀርተን ነበር፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ካሜራማኑ፣ እትዬና እኔ። አንድ የመኖ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሊደግፈን ፈቀደ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ከጽሑፎቻችን ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው እግሩ ተሰብሮ የዳነው የጋሪ ፈረስ፣ የዳማ ታሪክ ነበር። ፋብሪካው «ዳማ ከዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ እስከ ሐሙስ እንዲወጣ ፈለገ። ከወጣ እንኖራለን፤ ካልወጣ እንዘጋለን።

እትዬ ሰኞ ለባለጋሪው ደወሉ። ድምፅ ማጉያውን ስለከፈቱት ሁላችንም እንሰማለን።

«ዳማስ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ አሰሙኝ።»

«ተኝቷል።»

«ፈረስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት?»

«ምን ያርግ፣ ጡረታ ወጥቷል።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ከሰዓት ሲደውሉ ዳማ ሜዳ ወጥቷል፤ ማክሰኞ ሲደውሉ ውሃ ወርዷል። ረቡዕ ጠዋት ግን ባለጋሪው ራሱ ደወለና «ይኸው፣ ስሙት» አለ። ጥርት ያለ ማኘክ ክፍሉን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ያለፈውን ዓመት ደብተር አወጡ፣ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አወረዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙት። «ያኝካል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያኝካል። በግራ በኩል ጥርስ የለውም» ይላል።

«ወንድሜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄኛው እኮ ጥርሱ ሙሉ ነው።»

ፈረሱ ማኘኩን ቀጠለ።

«ዳማ በሰኔ ሞተ፣ እትዬ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ያ ሁሉ ሰው ከየአገሩ ዕድሜ ይስጥህ እያለ የጻፈለት ፈረስ ነው። በእጄ ሞተ ብዬ በማን ፊት እቆማለሁ?»

«እንዴት ሞተ?»

«ጠዋት ውሃ ይዤለት ስሄድ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት። አፉ ውስጥ ገና ያላኘከው ሣር ነበር።»

ጻፉት። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይሄኛውንስ አይመዘግቡልኝም?» አላቸው።

«ስሙ ማነው?»

«ገና አላወጣሁለትም። ሲበላ ነው የሚውለው።»

በአዲሱ ደብተር ላይ «ስም ያልወጣለት። ሳያቋርጥ ያኝካል» ብለው ጻፉና ስልኩን ዘጉ።

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሁለቱም ቀለማቸው አንድ ነው። በፎቶ ጥርስ የሚቆጥር የለም።»

«እኔ አለሁ።»

«እኛ እንዘጋለን እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። መስመሯን ራስህ መጻፍ ትችላለህ፤ እጅህን አልይዝም። እኔ ግን አንዴ ሳልሰማ ጽፌ ሦስት ላም ተከትሎኛል።»

ልጁ ተነሥቶ ወደ መታጠቢያው ሄደና ያልቆሸሸ እጁን ታጠበ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር።

«እንግዲያው ያለውን እንጻፍ» አለ።

ጻፍኩት። የመጨረሻውን መስመር እትዬ መዝገብ ጨመሩ፦ «ዳማ በሰኔ፣ ሣር ላይ፣ እየበላ ሞተ።» ፋብሪካው በትሕትና አመስግኖን ወደ አንድ የስፖርት ገጽ ሄደ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ዘጋን።

እንግዲህ በአንድ ፈረስ ጥርስ የሥራ ቦታቸውን ያጡ ሴት፣ ለእኔ ሲሉ ስልክ በሌለበት ማክሰኞ ሳይሰሙ ጽፈው ይሆን? ወይስ ረቡዕ ነበርና እንደ ሌላው ሁሉ ደውለው ሰሙት? ወይስ ምሳቸውን ትተው እስከ ወፍጮው ድረስ በእግራቸው ሄደዋል፤ ያ ነጭ አቧራ የመንገዱ ሳይሆን የወፍጮው ነበር? ቀኑም የተሰማውም ያለው ደብተራቸው ውስጥ ነው። ሦስቱም ቢሆን አይከፋኝም። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግን እፈልግ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ማንም አላዘነም ብል ማጋነን አይሆንም። ካሜራማኑ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪ ፎቶ ማንሣት ጀምሮ ነበር፤ «ከውሻ ይልቅ እነሱ ናቸው የማይረጉት» ይላል። ሥራ አስኪያጁን አንድ የእንስሳት መጠለያ ቀጥሮታል። እትዬ ከባላቸው ጋር ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሊዛወሩ ነው፤ የልጅቷ ቤት ግቢ አለው፣ ሦስት ዶሮም አለው።

«ዶሮ እንዴት ይረጋገጣል?» አላቸው ካሜራማኑ።

«ዶሮ ዝም ካለ ነው የሚያሰጋው። እንደ አንተ ማለት ነው።»

ደብተሮቹ አራት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ «ይውሰዷቸው፣ የእርስዎ ናቸው» አላቸው። ሦስቱን ዘንቢል ውስጥ ከተቱ፤ አንደኛው አልገባ ሲል በብብታቸው ያዙት። ጥግ ጥጉ የተላጠው፣ የመጋቢቱ ደብተር ነበር። ዘንቢሉን ተቀብዬ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኘኋቸው። እዚያው ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር። በስልክ የሚሆን አይደለም፤ በስልክ የሰውን ፍርሃት ከነትንፋሹ ይሰማሉ።

ፌርማታው ላይ አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ቆመን ጠበቅን። ስለ ልጃቸው ግቢ አወሩኝ፤ አጥሩ አጭር ስለሆነ ባላቸው ሊያስረዝሙት እንደሚያስቡ፣ ግን ከሶፋ ሥራ ውጪ ምንም እንደማያውቁ።

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነበር። ያኔ መንገዱ ሲቆፈር…»

አውቶቡሱ ደረሰ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ገፉን፤ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ፣ እማማ» አለ። ዘንቢሉን ከእጄ ወሰዱና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ደብተሩን እንዳይወድቅ በክንዳቸው እያጠበቁ ደረጃውን ወጡ። የተቀመጡት በወዲያኛው በኩል ነው፤ ከሰው ትከሻ መካከል የደብተሩ ጥግ ብቻ ታየኝ፣ አውቶቡሱም ሄደ።